ክብደት ለመቀነስ መክሰስ መተው አለብን? ስለ ቆሎ፣ ስለ ንፍሮ እና ስለ ቡና ስኳር



ክብደት መቀነስ የሚፈልጉ ሰዎች አብዝተው የሚጠይቁኝ "እራት ልተው?" ብለው ነው። ቀጥሎ የሚመጣው "መክሰስስ?" የሚለው ነው። ለሁለተኛው አጭሩ መልሴ "አትተዉት፣ ቀይሩት" ነው። ረጅሙ መልስ ግን ትንሽ ሰፋ ስለሚል ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉ፤ ስኳሩን ቀነስ አድርጋችሁ።

መጀመሪያ አንድ ወሬ እናስተካክል። "ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ መብላት ሰውነት ስብ እንዲያቃጥል ያደርጋል" ሲባል ሰምታችኋል። እንደዚያ አይደለም። የቀኑ ጠቅላላ መጠን እኩል ከሆነ በሦስት ጊዜ ተበላ በስድስት ጊዜ፣ ሰውነት የሚያቃጥለው ያው ነው። ስለዚህ በምሳና በእራት መካከል የማይርበው ሰው ክብደት ልቀንስ ብሎ መክሰስ መጀመር የለበትም። እንዲህ ዓይነት ሰው ከሆናችሁ የዚህ ጽሑፍ ግማሹ አይመለከታችሁም፤ ስለ መጠጥ የምለውን ግን እንዳትዘሉት።

የሚርበን ግን ብዙ ነን፣ ምክንያቱም የከተማ ሰው ቀን ረጅም ነው። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ የበላ ሰው ከሥራ ወጥቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ ቤት ደርሶ እራት እስኪቀርብለት ማታ 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ድፍን 8 ሰዓት ማለት ነው። በዚህ መሃል ምንም ያልቀመሰ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ዳቦ ነው። ወጡ እስኪሞቅ ሁለት ዳቦ ይበላል፣ ከዚያ እራቱንም አይቀንስም። "ቀን ጠንክሬ ውዬ ማታ እበላሻለሁ፣ ራሴን መቆጣጠር አቃተኝ" የሚሉኝ ሰዎች ራሳቸውን ይወቅሳሉ። 8 ሰዓት የተራበ አንጎል እኮ ሥራው ይሄ ነው፤ ምግብ ሲያይ በፍጥነትና በብዛት ማስገባት። እዚህ ቦታ ላይ 10 ሰዓት አካባቢ የተበላች ትንሽ መክሰስ የእራቱን መጠን ታድናለች።

"ዶክተር፣ ምንም አልበላም እኮ!"

ምርመራ ክፍል ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝን ነገር በአንድ ሰው አድርጌ ልንገራችሁ። ዕድሜዋ 38፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ክብደቷ 82 ኪሎ። እናቷ የስኳር ሕመም አለባቸው። በባዶ ሆድ የተለካው የእሷ ስኳር 114 ሆኖ መጣ። ከ100 በታች ጤናማ ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ የስኳር ሕመም ይባላል። እሷ መሃል ላይ ናት፣ ቅድመ ስኳር የምንለው ደረጃ ላይ። "ክብደት መቀነስ ይኖርብሻል" ስትባል እንባ ይተናነቃታል። "ዶክተር፣ ምንም አልበላም እኮ! ቁርስ አልበላም፣ ምሳዬ ግማሽ እንጀራ ናት፣ ከዚህ በላይ ምን ልቀንስ?"

አልዋሸችም። ምግብ ብላ የምትቆጥረው በእርግጥም ትንሽ ነው። እንዲህ ለሚሉኝ ሰዎች የምሰጠው የቤት ሥራ አንድ ነው፦ ለሦስት ቀን አፍ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ፣ ከመግባቱ በፊት፣ በስልክ ፎቶ ማንሳት። አንዲት ፍሬ ከረሜላም ብትሆን። ካሎሪ ማስላት አያስፈልግም፣ ፎቶ ብቻ።

ፎቶዎቹ የሚያወጡት ቀን ብዙ ጊዜ ይሄን ይመስላል። ጠዋት ሻይ በ3 ማንኪያ ስኳር። 4 ሰዓት ላይ፣ ቁርስ ስላልተበላ፣ ማኪያቶ በ2 ማንኪያ ስኳርና አንድ ቦንቦሊኖ። ከሰዓት በኋላ የሥራ ባልደረባ ጠረጴዛ ላይ ያለች ለውዝ የገባባት ቆሎ፤ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር አንድ ጭብጥ፣ በድምሩ ሦስት። ቤት ሲገባ ቡና ተፈልቷል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ እያንዳንዱ ሲኒ በ2 ማንኪያ ስኳር። ከእራት ጋር አንድ ጠርሙስ ለስላሳ።

እስኪ በግምት እንደምረው። ሻይዋ 50 ካሎሪ፣ ማኪያቶው 70፣ ቦንቦሊኖው 250፣ ቆሎው 380፣ የሦስቱ ሲኒ ስኳር 100፣ ለስላሳው 125። ወደ 975 ካሎሪ ይመጣል። ተቀምጣ ለምትውል ሴት ክብደቷ ባለበት እንዲቆይ የሚያስፈልጋት በቀን 1,800 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው እንበል፤ ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ቁርስ፣ ምሳም፣ እራትም የሚባል የለም! አንዱም ሳህን ላይ አልቀረበም፣ ለአንዱም እጅ አልታጠበም፣ ስለዚህ አእምሮ "በላሁ" ብሎ አልመዘገበውም።

አሁን ያው ሰው ያንኑ ቀን በዚህ መልኩ ትዋል። ጠዋት ሁለት ቅቅል እንቁላል ከግማሽ ዳቦ ጋር ትብላ፣ 300 ካሎሪ ገደማ። አዎ፣ ቁርስ ጨመርኩባት፤ የ4 ሰዓቱን ቦንቦሊኖ የጠራው ባዶ ሆድ ነበርና። ሻይዋ በ1 ማንኪያ፣ ማኪያቶዋ ያለ ስኳር፣ በቦንቦሊኖው ቦታ አንድ ብርቱካን፣ ከሰዓት በኋላ በቆሎው ቦታ 100 ግራም የሽምብራ ንፍሮ፣ ቡናዋ ሦስቱም ሲኒ በ1 ማንኪያ ስኳር፣ በለስላሳው ቦታ ውኃ። ድምሩ ቁርሱን ጨምሮ 630 አካባቢ ነው። በቀን ወደ 345 ካሎሪ ቀነሰች፣ ያውም ቁርስ በልታ፣ ቡናዋን ሳትተው፣ ከሰዓት በኋላ ሳትራብ። በወረቀት ላይ በወር ከ1 ኪሎ በላይ ይሆናል። በተግባር ሰውነት እየተላመደ ስለሚሄድ ከዚያ ያንሳል፣ ግን መንገዱ ይሄ ነው።

"ለ1 ኪሎ ይሄ ሁሉ?" እንዳትሉ። እንደ ፈረንጆቹ በ2002 የታተመ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ3,000 በላይ ቅድመ ስኳር ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት አለ። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ሰዎች ባዶ እንክብል (ፕላሴቦ) ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ ወደ ስኳር ሕመም የመሸጋገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። የ82 ኪሎ 7 በመቶ 6 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ለዚህች እናት 114 ቁጥር ላይ ቆሞ በመቅረትና የእናቷን መድኃኒት በመጋራት መካከል ያለው ርቀት ያን ያህል ነው። ቀጭን ሞዴል መሆን አይጠበቅባትም።

የሚጠጣ መክሰስ አይቆጠርም ያለው ማነው?

አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው፣ 16 ካሎሪ። ብቻዋን ምንም አይደለችም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ወደ 5 በመቶ እንዲወርድ ይመክራል። 5 በመቶው ወደ 25 ግራም፣ 6 የሻይ ማንኪያ ነው። ቅድም ያየናት ሴት ሦስቱን ሲኒ ስትጨርስ ይህን በቡና ብቻ ሞልታዋለች። በ330 ሚሊ ሊትር ጣሳ የሚሸጥ ኮካ ደግሞ ብቻውን 35 ግራም ስኳር አለው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይወደውን ነገር ልናገር። በዚህ መመሪያ ማርም ይቆጠራል፣ የፍራፍሬ ጭማቂም ይቆጠራል። "ዶክተር፣ እኔ ስኳር ትቼ በማር ነው የምጠጣው" የሚሉኝ አሉ፤ ማር ጣዕሙ ያማረ ስኳር ነው። ጁስ ቤት የሚሸጠው የአቮካዶ ጁስም እንዲሁ። አቮካዶ ራሱ ጥሩ ምግብ ነው። ግን አንድ ብርጭቆ ውስጥ ሙሉ አቮካዶ፣ በላዩ ስኳር፣ አንዳንዴም ሲረፕ ይገባል፤ 300 ካሎሪን በቀላሉ ያልፋል። ጠጥታችሁት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ትበላላችሁ፣ ምክንያቱም ፈሳሽ እንደሚታኘክ ምግብ አያጠግብም። ስፕሪስም ያው ነው። አልኮል የሌለው የብቅል መጠጥ "ለጤና ነው" ተብሎ ለነፍሰ ጡር ሳይቀር ይገዛል፤ ጠርሙሱ ላይ ያለውን የስኳር መጠን አንብባችሁ ከለስላሳው ጋር አወዳድሩት።

ጀበናችንን ማንም አይነካብንም። ቡና ያለ ስኳር ካሎሪ የለውም ማለት ይቻላል። ስኳሩን በአንድ ቀን ማቆም ከባድ ነው። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል። በአንድ ወር ውስጥ ድሮ ትጠጡት የነበረው ቡና ራሱ "ሽሮፕ ሆነ" ትላላችሁ።

ድንች ኬክን ያሸነፈበት ጥናት

በ1995 አውስትራሊያ ውስጥ ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሱዛና ሆልትና ባልደረቦቻቸው ቀላል ግን ብልህ ሙከራ ሠሩ። 38 ዓይነት ምግብ ወሰዱ፣ ሁሉንም እኩል 240 ካሎሪ እንዲሆን መዝነው ለሰዎች አበሉ፣ ከዚያ በየ15 ደቂቃው ለሁለት ሰዓት "ምን ያህል ጠግባችኋል?" እያሉ ጠየቁ። ነጭ ዳቦን 100 ብለው ሌላውን ከእሱ ጋር አወዳደሩ።

አንደኛ የወጣው ማን ይመስላችኋል? ቅቅል ድንች፣ 323 አግኝቶ! የመጨረሻው ክሮሳንት ነው፣ 47። ኬክ 65፣ ዶናት 68። ብርቱካን 202፣ ፖም 197፣ ፈንዲሻ 154፣ እንቁላል 150፣ ምስር 133፣ ሙዝ 118። አስተውሉ፣ ካሎሪው ለሁሉም እኩል ነው። 240 ካሎሪ ክሮሳንት አንድ ትንሽ ፍሬ ናት፣ 60 ግራም አካባቢ። 240 ካሎሪ ቅቅል ድንች ግን ሩብ ኪሎ ያልፋል። 240 ካሎሪ ብርቱካን አራት ፍሬ ገደማ ነው፤ እስኪ አራት ብርቱካን ልጣችሁ በአንድ ቁጭታ ጨርሱ።

ጥናቱ ትንሽ ነው፣ እያንዳንዱን ምግብ የበሉት ከ11 እስከ 13 ሰዎች ብቻ ናቸው፣ እንጀራም አልተካተተበትም። ስለዚህ ቁጥሮቹን እንደ ሕግ አትውሰዷቸው። አቅጣጫው ግን ትክክል ነው፦ ውኃ የያዘ፣ አሰር ያለው፣ ፕሮቲን ያለው፣ ማኘክ የሚጠይቅ ምግብ በትንሽ ካሎሪ ያጠግባል። ዱቄት፣ ዘይትና ስኳር አንድ ላይ የሆኑበት ነገር በትንሽ ቦታ ብዙ ካሎሪ ይዞ ሳታውቁት ያልፋል።

ድንች በአገራችን የማይገባውን ስም አትርፏል፣ "ያወፍራል" ይባላል። መንገድ ዳር በዳጣ ወይም በሚጥሚጣ የሚሸጠው ቅቅል ድንች ለእኔ ከከተማችን ምርጥ መክሰሶች አንዱ ነው። 100 ግራሙ 87 ካሎሪ ነው። ያው ድንች ችብስ ሆኖ በዘይት ሲጠበስ ከ300 ያልፋል። ጥፋቱ የዘይቱ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ አለው። ደም ግፊት ያለባችሁ ግን ጨውና ዳጣው ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ድንች ደም ውስጥ ስኳርን ቶሎ ከፍ ስለሚያደርግ አንድ መካከለኛ ፍሬ፣ ከእንቁላል ወይም ከሽምብራ ጋር፣ ይበቃችኋል።

ቆሎ ወይስ ንፍሮ?

ይሄ ክፍል ለእኔ የዛሬው ዋና ነገር ነው፣ ምክንያቱም ቆሎ ጤናማ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ስለዚህም ማንም አይቆጥረውም።

ቆሎ በእርግጥ ጥሩ ነው። ሙሉ እህል ነው፣ አሰር አለው፣ ዘይት የለውም። ነገር ግን ደረቅ ነው። 100 ግራም የገብስ ቆሎ 350 ካሎሪ አካባቢ ይይዛል። ለውዝ ሲጨመርበት ከፍ ይላል፤ 100 ግራም ለውዝ ከ560 በላይ ነው። አንድ ጭብጥ ለውዝ፣ 30 ግራም ብንለው፣ 170 ካሎሪ ነው፣ ይሄ አንድ ሙሉ መክሰስ ነው። ችግሩ ለውዝ የሚበላው ወሬ እየተወራ፣ ፊልም እየታየ መሆኑ ነው። ሌላ ነገር እያዩ የሚበሉ ሰዎች አብዝተው እንደሚበሉ በተደጋጋሚ ታይቷል። ለውዝ በልክ ሲበላ ክብደት እንደማይጨምር የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ "በልክ" የሚለው ቃል ላይ ነው ነገሩ ያለው። ከላስቲኩ አትብሉ። አንድ ጭብጥ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ አውጡ፣ ላስቲኩን አስራችሁ መልሱ።

አሁን ያንኑ ሽምብራ ከመቁላት ይልቅ ቀቅሉት። ሽምብራ ሲቀቀል ውኃ ይጠጣል፣ ያብጣል፤ 100 ግራሙ ወደ 165 ካሎሪ ይወርዳል፣ ውስጡ 9 ግራም ፕሮቲንና 7 ግራም ያህል አሰር ይዞ። ያው እህል ነው፣ ያው እጅ ሙሉ ነው፣ ካሎሪው ግን ከግማሽ በታች ሆነ! የባቄላ፣ የስንዴና የአተር ንፍሮም በዚህ ሂሳብ ነው። ወጣቶች ንፍሮ ሲባል የገጠር ምግብ ወይም የለቅሶ ቤት ምግብ ይመስላቸዋል። ኬክ ቤት በሰላጣ መልክ፣ በሎሚና በቃሪያ ቢቀርብ በውድ ዋጋ ይገዙት ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። እሑድ ማታ ሽምብራ ዘፍዝፉ፣ ጠዋት ውኃውን ድፉና በአዲስ ውኃ ቀቅሉ፣ የሦስት ቀን ያህሉን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። በየቀኑ አንድ ትንሽ የምሳ ዕቃ ሙሉ፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ትንሽ ጨው። "ሆዴን ይነፋኛል" የምትሉ የተዘፈዘፈበትን ውኃ መድፋት ይረዳል፣ ደግሞም በሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጀምራችሁ በየሳምንቱ ጨምሩ፤ አንጀት ይለማመዳል። ባቄላና ሽምብራ ስትገዙ ጓያ እንዳልተቀላቀለበት እዩ። ጓያ በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲበላ እግርን የሚያሽመደምድ በሽታ ያመጣል፣ በአገራችን የታወቀ ችግር ነው። ለውዝ ደግሞ የሻገተ፣ የተሸበሸበ ወይም መራራ ከሆነ ጣሉት፤ የሻጋታው መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ በመቁላትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ዳቦ ቆሎ ስሙ ቆሎ ይሁን እንጂ ሊጥና ዘይት ነው፣ ከብስኩት ጋር መድቡት።

ሌላስ?

ፈንዲሻ ያለ ዘይት ወይም በጣም በትንሽ ዘይት ከፈነዳ በጣም ጥሩ ነው፤ አንድ ትልቅ ኩባያ ሙሉ ያለ ዘይት 30 ካሎሪ ገደማ ነው። ስኳር የተነሰነሰበት ሌላ ነገር ነው። ቅቅል እንቁላል 75 ካሎሪና 6 ግራም ፕሮቲን አለው። ዋጋው እንደ ድሮው እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ከአንድ ቁራጭ ኬክ ዋጋ ጋር አነጻጽሩት። ስኳር ያልገባበት እርጎ አንድ ስኒ ጥሩ ነው። አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ስቡ ትንሽ፣ ፕሮቲኑ ብዙ ነው፤ ከካሮት ወይም ከቲማቲም ጋር ሞክሩት።

ፍራፍሬ እንዳለ እየታኘከ ይበላ። ሙዝ መካከለኛው 105 ካሎሪ ነው፣ አይፈራም። ፓፓያና ሐብሐብ ቀላል ናቸው። ዘይቱን አሰሩ ከብዙ ፍራፍሬዎች ይበልጣል። በክረምት በለስ፣ በወቅቱ ደግሞ የሽምብራ እሸት አለ፤ እሸትን የምወደው አንድ በአንድ ስለሚፈለፈል ነው፣ ማንም በጭብጥ ሊውጠው አይችልም።

ብስኩት፣ በፋብሪካ የታሸገ ቺፕስና ኬክ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በ2019 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪው ኬቪን ሆል 20 ሰዎችን ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ "እስክትጠግቡ ብሉ" ብለው አበሏቸው። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ አብልጠው በሉ፣ ወደ 1 ኪሎም ጨመሩ። ማንም አላስገደዳቸውም። ስለዚህ ብስኩቱን "አንድ ብቻ እበላለሁ" እያላችሁ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ከራስ ጋር የማይሸነፍ ጦርነት መግጠም ነው። አትግዙት፣ በቃ። ሲያምራችሁ ወጥታችሁ አንዷን ብሉና ተመለሱ።

ጾም ላይ ያላችሁ

በጾም ወቅት ክብደት የሚጨምሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ይገርማቸዋልም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ እንቁላል፣ እርጎና ሥጋ ሲወጣ ቦታውን የሚይዘው ፓስቲ፣ ሳምቡሳ፣ የጾም ኬክና ዳቦ በሻይ ነው። አንድ ሳምቡሳ እንደ መጠኑና እንደ ጠጣው ዘይት ከ150 እስከ 250 ካሎሪ ሊይዝ ይችላል። የጾም መክሰስ ንፍሮ፣ ቅቅል ድንች፣ ፍራፍሬና ልክ ያለው ለውዝ ይሁን። እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ ሰዎች ጾሙን በለስላሳና በፓስቲ አትፍቱ፤ ውኃ፣ ከዚያ ምግባችሁን። ረመዳን ላይም ተምር ሁለት ሦስት ፍሬ ይበቃል፣ ሳምቡሳው አንድ፣ ሾርባው ይቅደም።

ረሃብ ነው አምሮት?

አንድ መለያ አለኝ። ራሳችሁን "አሁን ቅቅል ድንች ቢሰጠኝ እበላለሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ከሆነ ርቧችኋል፣ ብሉ። "አይ፣ ድንች እንኳ አልፈልግም፣ ኬክ ቢሆን..." ከሆነ አምሮት ነው። አምሮት ኃጢአት አይደለም፣ ብዙ ጊዜም 10 ወይም 15 ደቂቃ ከቆያችሁ ያልፋል። ማታ 4 እና 5 ሰዓት ላይ ስልክ እያያችሁ የሚመጣው አብዛኛው ይሄ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ የረሃብ ሆርሞኑ ይጨምራል፣ የጥጋቡ ይቀንሳል፤ ሌሊት 7 ሰዓት ድረስ ስልክ ላይ የቆየ ሰው በማግሥቱ ጣፋጭ ቢፈልግ አይፈረድበትም፣ ግን መፍትሔው መክሰስ ሳይሆን መተኛት ነው።

"የሚያቀጥን ሻይ" የምትገዙ፣ ብዙዎቹ የሚያስቀምጥ ቅጠል የገባባቸው ናቸው። ሚዛኑ ላይ የሚወርደው ውኃ ነው፣ ስቡ ቦታው ላይ አለ።

ይሄን ምክር እንዳለ መውሰድ የሌለባችሁ

ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ የስኳር እንክብል የምትወስዱ ሰዎች፣ ከሐኪማችሁ ጋር ሳትነጋገሩ ምግብም መክሰስም አትዝለሉ። መድኃኒቱ ምግቡን አይጠብቅም፣ ስኳራችሁ ይወርዳል። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ግራ መጋባት ካያችሁ ያኔ ዳይት የለም፦ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ (ስኳር አልባ ያልሆነውን) ጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ፣ ካልተስተካከለ ድገሙ፣ ሲስተካከል ምግብ ብሉ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አትስጡ፣ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ሜትፎርሚን ብቻውን የሚወስድ ሰው ይህ ስጋት ብዙም የለበትም።

ኩላሊት ላይ ችግር ያለባችሁ፣ ሙዝ፣ ድንች፣ አቮካዶና ጥራጥሬ ፖታሲየማቸው ብዙ ስለሆነ መጠኑን የምትከታተሉበት ሐኪም ይወስንላችሁ። ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶች ክብደት ለመቀነስ ምግብ የምትቀንሱበት ጊዜ አይደለም። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ እናንተ የምትበሉትን ቆሎና ለውዝ አታካፍሉ፤ ትንታ ይገድላል።

ሚዛን ላይ በየቀኑ አትውጡ፣ በሳምንት አንዴ ጠዋት ይበቃል። ወገባችሁንም በሜትር ለኩ፤ ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ስኳርና ደም ግፊት መለካት አለበት፣ ኪሎው ምንም ይሁን። ለስድስት ሳምንት በፎቶ እየተከታተላችሁ፣ መጠጡንም መክሰሱንም አስተካክላችሁ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ታይሮይድ፣ የምትወስዱት መድኃኒት ወይም ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ሳትሞክሩ፣ እየበላችሁ፣ ክብደታችሁ በራሱ እየወረደ ከሆነ፣ በተለይ ውኃ ጥም፣ ሽንት መብዛት፣ የማይለቅ ሳል ወይም የሌሊት ላብ ካለ፣ "ተገላገልኩ" ብላችሁ አትጠብቁ፣ በዚሁ ሳምንት ተመርመሩ።